10 ሰከንድ ምን ያደርግልሃል?

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ስለ ድራግ ሬስ ነው፤ መኪና ከቆመበት ተነስቶ ቀጥ ያለውን ሩብ ማይል በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ የሚለካበት ውድድር። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«2000 ሞዴል ሙስታንግ ጂቲ አለኝ። አውቶማቲክ ነው፣ 128 ሺህ ማይል ሄዷል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ እሄድበታለሁ። ባለፈው ወር ትራክ ወስጄው ሦስት ጊዜ ሮጥኩ። ጥሩው 14.6 ሰከንድ ነው፣ መጨረሻው ላይ በሰዓት 96 ማይል፣ የመጀመሪያው 60 ፊት ላይ 2.25 ሰከንድ ይላል። አንዱ ላይ ከካምሪ ጋር ተሰልፌ ካምሪው ቀደመኝ፣ ወረቀቱ ላይ ግን የእኔ ሰዓት ነው የሚሻለው። ማሽኑ ተሳስቶ ነው? እዚያ ያየሁት አንድ ልጅ በቱርቦ 10 ሰከንድ ይገባል። እኔም 5,000 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። ርካሽ ቱርቦ ልግጠምለት ወይስ ናይትረስ? ብዙ ጥገና የማይፈልግ፣ ሥራም የሚያደርሰኝ፣ ግን 10 ሰከንድ የሚገባ መኪና ነው የምፈልገው።»

ርካሽ፣ ጥገና የማይበዛው፣ 10 ሰከንድ የሚገባ። ሦስቱ አንድ ኮፈን ስር አብረው አያድሩም። 10 ሰከንዱን ከተውከው ግን የቀሩት ሁለቱ በያዝከው ብር ይገኛሉ፣ እንዲያውም ይተርፍሃል። ቱርቦውን እርሳው። ናይትረሱንም፣ ከጠርሙስ ወደ ሞተሩ የሚለቀቀውን ጋዝ፣ ለዘንድሮ እርሳው።

መጀመሪያ ትራኩ የሰጠህን ቁራጭ ወረቀት አውጣ። አብዛኛው ሰው ከታች ያለውን ሰዓት ያይና ለጓደኛው ፎቶ ልኮ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ይጥለዋል። መኪናው የሚያወራው ግን ሌሎቹ ቁጥሮች ላይ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ፍጥነት፣ ያንተው 96 ማይል፣ ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ይነግርሃል። 60 ፊቱ ደግሞ ያ ጉልበት መሬት ይዞ እንደሆነና እንዳልሆነ። አነሳስህ ቢበላሽም የመጨረሻው ፍጥነት ብዙም አይነቃነቅም። የሚበላሸው ሰዓቱ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መኪናህን ከነአንተ 3,450 ፓውንድ ልበል። ይህን ያህል ክብደት ይዞ ሩብ ማይሉን በ96 ማይል የሚጨርስ መኪና፣ ሰዎቹ ለግምት በሚጠቀሙበት ቀመር፣ 238 የፈረስ ጉልበት ገደማ እያወጣ ነው። (ፎርድ 260 ብሎ ነው የሸጠው። ለ128 ሺህ ማይል ክፉ አይደለም።) አሁን ክብደቱን ለጉልበቱ አካፍል፣ የወጣውን ኩብ ሩቱን ውሰድ፣ በ5.825 አባዛው። 14.2 ይመጣል። አንተ የገባኸው 14.6 ነው። 0.4 ሰከንድ መነሻው መስመር ላይ ጥለህ መጥተሃል ማለት ነው፣ ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው። 2.25ቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እንዳንተ ያለ መኪና ደህና ጎማ አድርጎ 1.9 አካባቢ መውጣት አለበት። መነሻ ላይ ያተረፍካት 0.1 ሰከንድ ደግሞ መጨረሻው ላይ 0.15 አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሆና ነው የምትመለሰው፣ ምክንያቱም ቀድመህ ያገኘኸውን ፍጥነት ሩብ ማይሉን ሙሉ ይዘኸው ትሄዳለህ።

ወደ ካምሪው ልምጣ። ማሽኑ አልተሳሳተም። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው አረንጓዴ ሲበራ አይደለም፤ የፊት ጎማህ መነሻው ላይ ያለውን ጨረር ለቆ ሲወጣ ነው። አረንጓዴ በርቶ ለአንድ ደቂቃ ተኝተህ ብትነሳ ሰዓትህ ያው 14.6 ነው። ካምሪው 14.8 ገብቶ፣ ነገር ግን አንተ ገና መብራት እያየህ እሱ 0.4 ሰከንድ ቀድሞህ ከተነሳ መጨረሻው ላይም ቀድሞህ ይደርሳል። ወረቀቱ ላይ አርቲ የሚለው ቁጥር ይኸው ነው፣ ከመብራቱ በኋላ እስክትነሳ የፈጀብህ ጊዜ። ከአረንጓዴው በላይ ያሉት ሦስት ቢጫ መብራቶች በየግማሽ ሰከንዱ ነው የሚወርዱት። አረንጓዴውን ከጠበቅክ አለቀልህ። የመጨረሻው ቢጫ ብልጭ ሲል ነው የምትረግጠው፤ እግርህ እስኪወርድና መኪናው እስኪንቀሳቀስ አረንጓዴው ራሱ ይደርሳል። ከዚያ ቀድመህ ከወጣህ ደግሞ ቀይ ይበራና ሳትሮጥ ተሸነፍክ።

ይህንን ያመጣሁት ለካምሪው ስል አይደለም። በአነስተኛ ገንዘብ መወዳደር የሚፈልግ ሰው መግባት ያለበት ብራኬት የሚባለው ውድድር ነው፣ እዚያ ደግሞ ፈጣን መኪና ምንም ጥቅም የለውም። መኪናህ ስንት እንደሚገባ አስቀድመህ መስታወቱ ላይ ትጽፋለህ። አንተ 13.70 ጻፍክ እንበል፣ አጠገብህ ያለው 11.20 ጻፈ። ያንተ መብራት 2.50 ሰከንድ ቀድሞ ይወርዳል፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ መጀመሪያ የደረሰ ያሸንፋል። አንድ ነገር ግን አለ፤ ከጻፍከው በታች፣ 13.68 ብትገባ፣ ፈጥነህ ተሸነፍክ። ስለዚህ የሚፈለገው የሚበር መኪና አይደለም፣ ሁሌም አንድ ዓይነት የሚሄድ መኪና ነው። አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ፣ ባለ ቀለሙ የተላጠ ሼቪ ኖቫ። ዕቃው የጎማ አየር መለኪያ፣ አንድ ደብተርና ፎጣ ነው። 13.41፣ 13.40፣ 13.42። በጋውን ሙሉ እንዲህ ነው። በተጎታች የመጡትን፣ 30 ሺህ ዶላር የፈሰሰባቸውን መኪኖች ማታ ላይ እየሸኘ ነው ቤቱ የሚገባው።

አሁን 10 ሰከንድ። በዚያው ቀመር ወደ ኋላ ብንሄድ፣ 3,450 ፓውንድ ይዞ 10.9 ለመግባት 525 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያስፈልግሃል፣ ያለህን ከእጥፍ በላይ። ያንተ 4.6 ሊትር ሞተር ውስጥ ፒስተኑን ከታች የሚይዙት ኮኔክቲንግ ሮዶች ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፣ ጎማ ላይ ወደ 400 ጉልበት ሲጠጋ አደጋ ውስጥ ናቸው። አንዱ ከተሰበረ የሞተሩን ጎን በስቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሞተር መክፈት ይመጣል። ሞተሩ ሲጠነክር ካምቢዮው ይለቃል። ካምቢዮው ሲጠነክር የኋላው አክስል ይጠመዘዛል። ሶማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፣ አንዱን ባጠነከርክ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ደካማ ስሙን ያስጠራል።

የደንቡ ጉዳይ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የድራግ ሬስ ማኅበር፣ ኤንኤችአርኤ፣ ደንቡን በሰዓት ከፋፍሎታል፣ አብዛኛው ትራክም በዚያ ወይም በተመሳሳዩ ነው የሚሄደው። 13.99ና ከዚያ በታች ከገባህ ሄልሜት። 11.49ና ከዚያ በታች ከገባህ መኪናው ውስጥ የብረት ሮል ባር ይበየዳል። 10.99 ላይ የፋብሪካው አክስል አይፈቀድም፣ ሌላም ሌላም ይከተላል። 9.99 ላይ ፈቃድ ራሱ ይጠየቃል። 2008ና ከዚያ ወዲህ ለተሠሩ፣ ኤርባጋቸውና ኤቢኤሳቸው ለሚሠራ መኪኖች ደንቡ ላላ ብሏል፣ ያንተው ግን የ2000 ነው። ሮል ባር የተበየደበት መኪና ውስጥ ደግሞ በየቀኑ ሥራ መሄድን አስበው። ስፖንጅ ያልለበሰ ብረት ከጭንቅላትህ አጠገብ አለ፣ ያለ ሄልሜት ቤልትዌይ ላይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው ሃይዌይ) አንድ ሰው ከኋላ ቢገጭህ ትራክ ላይ ያዳንህ የነበረው ብረት ነው የሚፈነክትህ። ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም።

ርካሽ ቱርቦ የሚባለውም ነገር ርካሽነቱ ሳጥኑ እስኪከፈት ነው። የዘይት መስመር፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ትልልቅ ኢንጀክተር፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ሰው፣ ቀጥሎ ሙቀት። ኮፈኑ ስር ያለው ፕላስቲክና ሽቦ ሁሉ እየተጠበሰ ነው የሚከርመው። ያየኸው ልጅ ቅዳሜ ሮጦ እሁድ መኪናው ስር ተኝቶ እንደሚውል አልነገረህም። እሱ ሰኞ ሥራ የሚሄድበት ሌላ መኪና ይኖረዋል፣ ጠይቀው።

ናይትረስ ላይ አንድ የተሳሳተ ነገር ላርም፤ ጋዙ ሞተር አይገድልም። ናይትረስ ነዳጅም አይደለም፣ አይነድም። ኦክስጅን ነው የሚያመጣልህ፣ በዚያ ኦክስጅን ልክ ቤንዚን ካልጨመርክ ነው ፒስተን የሚቀልጠው። ወይም ሞተሩ ገና ዝቅ ባለ ዙር ላይ እያለ ስትለቅበት። በትክክል የተገጠመ፣ ቤንዚኑን አብሮ የሚረጭ የ75 ወይም የ100 ጉልበት ኪት ያንተን መኪና 12 ሰከንድ መጨረሻው አካባቢ ያስገባዋል፣ ከፈረስ ጉልበት አንጻር ከእሱ የሚረክስ ነገር የለም። ታዲያ ለምን እርሳው አልኩህ? ጠርሙሱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀያየራል፣ ሰዓትህም አብሮ ይቀያየራል። አንዴ 12.8፣ አንዴ 13.0። መስታወትህ ላይ ምን ልትጽፍ ነው? በዚያ ላይ መኪናው መሬት መያዝ ሳይለምድ 100 ጉልበት መጨመር ማለት የምታጨሰውን ጎማ ማብዛት ነው።

እንግዲህ ብሩን ከኋላ ወደ ፊት አውጣው። ከጎማ ጀምር።

ሁለት የኋላ ድራግ ራዲያል ግዛ፣ መንገድ ላይ መሄድ የተፈቀደውን ዓይነት፤ ሚኪ ቶምፕሰንም ይሁን ኒቶ። ያገለገለ ሁለት ቸርኬ ፈልግና በዚያ ላይ አስገጥመው፣ ግንዱ ውስጥ ይዘህ ሂድ፣ ትራክ ላይ ደርሰህ ቀይር። ከነቸርኬው 650 ዶላር አካባቢ ይፈጃል። ለሥራ አትንዳበት። ላስቲኩ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ውኃ ማውጫ ጥርሱም ጥቂት ነው፣ በዝናብ መኪናው እንደ ሳሙና ይሄዳል። አየሩን 20 ፒኤስአይ ላይ ጀምረህ በየሩጫው አንድ አንድ እየቀነስክ 60 ፊቱን ተከታተል። መሻሻል ያቆመበት ቦታ ላይ አንተም አቁም። ጎማው ላይ የቱንም ያህል ብታወጣ አይቆጭህም፤ ሌላው ሁሉ በእሱ በኩል ነው መሬት የሚደርሰው።

ቀጥሎ ዲፈረንሻሉ። ያንተ 8.8 የሚባለው ነው፣ ለምታስበው ሥራ ከበቂ በላይ ጠንካራ ነው። ግን ሁለቱን ጎማ አብሮ የሚያዞረው ውስጡ ያለው የክላች ሸክላ በ128 ሺህ ማይል አልቆ ይሆናል። ማወቂያው ቀላል ነው። ጎማ ለማሞቅ ከመነሻው በፊት በሚረጨው ውኃ ላይ ጎማውን አሽከርክረህ ውጣና ወደ ኋላ ዞረህ መሬቱን እይ። አንድ ጥቁር መስመር ብቻ ካለ አንድ ጎማ ነው የሚሠራልህ። ሸክላው ራሱ ውድ አይደለም፣ ውዱ መክፈቱ ነው። ስለዚህ እሱ ሲከፈት ጥርሱንም አብረህ አስቀይር፣ ካለህ 3.27 ወደ 3.73 (ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው)። ሁሉም ሰው 4.10 ይልሃል፣ ትራክ ላይ እውነት አላቸው። ነገር ግን አንተ በየቀኑ 270 ሃይዌይ ላይ የምትነዳ ሰው ነህ፣ ሞተሩ እየጮኸ አንድ ሰዓት ስትሄድ ለእነሱ ደውልላቸው። ሲዘጋ የክላቹን ልዩ ፈሳሽ ዘይቱ ላይ እንዲጨምሩ ንገራቸው፣ ካልሆነ ስትታጠፍ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ስፒዶሜትሩም ስለሚዋሽ ይስተካከል። ሁሉም ተደምሮ 800 ዶላር ገደማ፣ እንደ ጋራዡ።

ሦስተኛው ኮንቨርተር ነው፣ አውቶማቲክ መኪና ላይ ትልቁን ለውጥ የምታየው እዚህ ነው። ኮንቨርተር ማለት ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ቬንቲሌተሮች ናቸው በለው፣ በመሃላቸው ዘይት አለ። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፣ በዘይቱ ግፊት ሌላው ይከተላል። የፋብሪካው ገና በዝቅተኛ ዙር ስለሚይዝ ሞተርህ ጉልበቱ ከሌለበት ቦታ ነው መኪናውን ለመግፋት የሚታገለው። 3,000 ዙር አካባቢ የሚይዝ ስትገጥምለት ሞተሩ መጀመሪያ ይነሳል፣ ከዚያ መኪናውን ይወስደዋል። ስትገዛ ሎክ አፕ፣ ሃይዌይ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ የሚቆልፍ ነገር፣ ያለው መሆኑን አረጋግጥ። ሎክ አፕ የሌለው ሃይዌይ ላይ ዘይቱን ሲያፈላ ነው የሚውለው። ከእሱ ጋር የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የግድ ነው፣ በዚህ ጉልበት ካምቢዮህን የሚገድለው ሙቀት ነው። ካምቢዮው እንደወረደ ቫልቭ ቦዲውን (ዘይቱን ወደ ማርሾቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ማርሽ ሲቀይር እንዳያንሸራትት የሚያደርገውን ማስተካከያ ያሠሩለት፣ የፎርድ ሰዎች ጄ ሞድ ይሉታል። ዕቃውና ጉልበቱ 1,300፣ 1,400 ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ሄልሜት 250 ዶላር። ሄልሜት የሚፈትነው የስኔል ተቋም ማኅተም ያለበት ይሁን፣ ማኅተሙ ዕድሜ ስላለው አሮጌ አትግዛ። ከመኪናው ስር የሚዞረው ዘንግ ቢሰበር መሬት ነክቶ መኪናውን እንዳያነሳው የሚይዝ ቀለበት ደግሞ 100 ዶላር ነው። በመንገድ ጎማ በዚህ ሰዓት ደንቡ አያስገድድህም፣ አንተ ግን አስገጥመው። ክብደት ላይ ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የኋላ ወንበሩን አውጣ። 100 ፓውንድ የቀነሰ 0.1 ሰከንድ አተረፈ፣ በነጻ። ባትሪውን ወደ ግንድ አትውሰድ፤ ከወሰድከው ከውጭ በኩል የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ይጠየቅበታል፣ ለራስህ ሥራ አትፍጠር።

ደምረው። 3,200 አካባቢ ነው። መኪናህ 13.6፣ 13.7 ይገባል፣ ማታ ጎማውን ቀይረህ ቤትህ ትሄዳለህ፣ ሰኞ ሥራ። የቀረውን 1,800 አትንካው፤ መግቢያ፣ ቤንዚን፣ ዘይትና አሁን ለምነግርህ ነገር ነው።

ያንተ ሞተር ሁለት የታወቀ በሽታ አለበት። አንደኛው ካንዴላ መትፋት ነው። የዚያ ዘመን 4.6 ቴስታታ ላይ ካንዴላውን የያዘው ጥርስ አራት ዙር ያህል ብቻ ነው። ከላላ፣ ቀስ በቀስ ይበላውና አንድ ቀን ፓ! ብሎ ይወረውረዋል፣ ኮይሉንም ሰብሮ። ከዚያ የመትረየስ ዓይነት ድምፅ ትሰማለህ። ስለዚህ ስምንቱንም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ በቶርክ ቁልፍ አረጋግጣቸው፣ በዓመት ሁለቴ። በእጅ ግምት አይሆንም፤ ሲላላም ይተፋል፣ ሲበዛም ያንኑ ጥርስ ትጨርሰዋለህ። ሁለተኛው የአየር ማኒፎልዱ ነው። የዚያን ጊዜው ከፊት በኩል ውኃ የሚያልፍበት ቦታ ጭምር ፕላስቲክ ነበር፣ ይሰነጠቃል። በኋላ የወጣው ያንን ቦታ አሉሚኒየም አድርጎታል። ኮፈኑን ክፈትና ኦልተርኔተሩ ጀርባ ያለውን እይ፣ ፕላስቲክ ከሆነ ከቱርቦና ከናይትረስ በፊት ቀይረው። እኔ እንዲህ ያለ መኪና ይዤ ሄጄ አንድ ቅዳሜ ማታ ግማሽ ትራክ ላይ ኩላንት አፍስሼ አውቃለሁ። ጎማ ሲነካው እንደ ቅቤ ነው። ሰዎቹ እየረጩ፣ እየጠረጉ፣ እያደረቁ 40 ደቂቃ፤ ከኋላዬ 60 መኪና ተሰልፎ ሞተር አጥፍቶ ያየኛል። ከዚያ ወዲህ ማንም ስሜን ሳይጠይቅ የሚያውቀኝ ትራክ አለ።

ከዚህ ውጭ ጥገናው ያው የቤት መኪና ጥገና ነው። የሞተር ዘይት በጊዜው፣ የካምቢዮ ዘይት በየዓመቱ፣ ከመሮጥህ በፊት የጎማ ብሎን በቶርክ ቁልፍ። እና ደብተር። ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የጎማ አየሩን፣ 60 ፊቱን፣ ሰዓቱን ጻፍ። በነሐሴ ወበቅ የገባኸውና በጥቅምት ብርድ የምትገባው አንድ አይሆንም፣ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው። (አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ፣ በ2,300 ሜትር ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋው እንደሌለ ቁጠሩት። መኪናው አልሰነፈም።)

ሦስት ነገር ልብ በል። የጭስ ምርመራው አለ፤ ሜሪላንድ የ2000 መኪና ቼክ ኢንጂን መብራቱ በርቶ አታሳልፍም፣ ካታሊቲኩን (ጭሱን የሚያጣራውን) ቁረጠው የሚልህን ሰው አትስማ፣ የሚሰጥህ ጉልበትም ከጣጣው አይበልጥም። የመኪና ኢንሹራንስህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውድድር ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍልም፤ ሥራ የሚወስድህ ይኸው መኪና መሆኑን አስበህ ግባ። ሦስተኛው፣ መኪናው ትንሽ ሲነሳ ጓደኞችህ ማታ መንገድ ላይ እንሞክረው ይሉሃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የካቲት አኮኪክ አጠገብ ኢንዲያን ሄድ ሃይዌይ ላይ፣ ከአንተ ቤት አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ በሌሊት የጎዳና እሽቅድምድም ለማየት የቆሙ 8 ሰዎች በአንድ መኪና ተገጭተው ሞቱ። በድስ ክሪክ ያለው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ አለልህ፣ ወደ ሄገርስታውን በኩል ሜሰን ዲክሰን አለ፣ ወደ ሰሜን ራይዚንግ ሰን ላይ ሴሲል ካውንቲ አለ። የመግቢያው ዋጋ ከአንድ የፍጥነት ቅጣት ያንሳል።

ሁለት ዓመት ሮጠህበት 12 ካማረህስ? ያኔም ይህን 4.6 አትክፈተው። ሽጠውና ከ2011 እስከ 2014 ያለውን ሙስታንግ ጂቲ ፈልግ። ከፋብሪካው ከ412 እስከ 420 የፈረስ ጉልበት ይዞ ነው የወጣው፣ ጎማ ብቻ ቀይረህለት 12 ውስጥ ትገባለህ፣ ከላይ ያልኩህ የላላው ደንብም ይመለከተዋል። ያንተውን እዚያ ለማድረስ የምታወጣው ገንዘብ ከልዩነቱ አይተናነስም፣ በዚያ ላይ ያንተው ሲደርስ የደከመ ነው፣ እሱ ገና ሲጀምር ነው።

እስከዚያ ግን ምንም ሳትገዛ አንድ ቀን ተመለስ። ባለህ የመንገድ ጎማ ውኃው ውስጥ አትግባ፣ ዙረው፤ ጥርሱ ውኃ ይዞ መነሻው ድረስ ይመጣና እዚያው ያንሸራትትሃል። ኦቨርድራይቩን (የሃይዌይ ማርሹን) አጥፋ። የነዳጅ ፔዳሉን በአንዴ እስከ ታች አትርገጠው፣ መኪናው ሲይዝ ተከተለው። በመጨረሻው ቢጫ ውጣ። አምስት ጊዜ ሩጥና አምስቱንም ወረቀት ላክልኝ፣ ኮንቨርተሩን በዚያ እንመርጣለን።